ከማረሻ ሥር የተገኘ ብረት

(በከላላ ለማታ ንባብ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌ ብረት ነው። «ለአሮጌ ብረት ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እኛም ወደዚህ ስንመጣ ስለ ብረት እናወራለን ብለን አላሰብንም ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ስማችን በዝርዝር ወጣ፤ ከላላ ተብለን ተመደብን፤ ፈቃዳችንን የጠየቀን አልነበረም። ይዘን የመጣነውም ጠመኔ፣ የፊደል ገበታና የንባብ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ነገር ግን ፊደል የለየ ሰው ዓይኑ አያርፍም። እናንተም ማንበብ ከጀመራችሁ ወዲህ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን፣ በመጨረሻም ከመሬት የወጣውን ብረት ሁሉ እያመጣችሁ «ይኼስ ምን ይላል?» ትሉን ጀመር። እኛም የማናውቀውን የምናውቅ መስለን መለስን። በዚህም አንድ ሰው ጎዳን። የዛሬው ንግግር የሚጀምረው ከዚህ ጥፋታችን ነው።

አንድ አዛውንት ተማሪያችን በሐምሌ ወር እርከን ሲሠሩ አራት ነገሮች አገኙ። በጨርቅ ቋጥረው ማታ ወደ ክፍል አመጧቸው። ጨርቁን ፈተው በጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉ ሁላችንም በፋኖሱ ዙሪያ ተሰበሰብን። አንደኛው ትልቅ ክብ ብር ነው፤ የሴት መልክ አለበት። ሁለተኛው አንበሳ ያለበት ቀላ ያለ ሳንቲም ነው። ሦስተኛው የጥይት ቀለህ ነው። አራተኛው በጀርባው መርፌ ያለበት፣ ቀለሙ የተላላጠ ትንሽ ክብ ቆርቆሮ ነው።

እኛ ወዲያው ትልቁን ብር አነሣን። «1780» ይላል። ከመካከላችን አንዱ በፍጥነት አሰላና «ኧረ ይኼ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል! እንዲህ ያለ ዕቃ በሬ ይገዛል!» አለ። ሌሎቻችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ቆርቆሮውን ግን ገለባብጠን አየነውና «ይኼ እርባና የለውም» ብለን ወደ ጥግ ገፋነው።

አዛውንቱ አንድ በሬ ብቻ ነው ያላቸው፤ ከጎረቤታቸው ጋር በመቀናጆ ነው የሚያርሱት። የእኛን ቃል ሰምተው በማግሥቱ ከአንድ ሰው በሬ በዱቤ ወሰዱ። ለመያዣ ሁለት በግ ሰጡ፤ ቀሪውን ብሩን ሸጠው ሊከፍሉ ተስማሙ። ከዚያ ደሴ ወረዱ። የብር አንጥረኛው ብሩን ተቀብሎ በሚዛን አስቀመጠው፤ በክብደቱ ልክም ዋጋ ነገራቸው። ዋጋው ከበሬው ዋጋ ጋር የሚተያይ አልነበረም። «አባባ፣ እንዲህ ያለ ብዙ ይመጣልናል» አላቸው።

ተመልሰው በሬውን ለባለቤቱ አስረከቡ። ከሁለቱ በጎች አንዱ ተመለሰላቸው፤ ሌላው ግን ታርዶ ተበልቷል። ወደ ክፍል ሲመጡ እኛ አንገታችንን ደፋን። እሳቸው ግን «አብሽሩ ልጆቼ፤ እናንተም ያነበባችሁትን ነው የነገራችሁኝ። ግን ቁጥሩን አነበባችሁ እንጂ ብሩን አላነበባችሁትም» አሉን። የበጉን ዋጋ ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተን በሁለት ጊዜ ከፈልን። ቃላቸውን ግን በገንዘብ የምንከፍለው አልሆነም። ስለዚህ ብረት እንዴት እንደሚነበብ ለመማር ተነሣን። የተማርነውንም እነሆ።

በመጀመሪያ ብረቱ ለምን እዚህ እንደሚገኝ እንጠይቅ። ይህ አገር የዘመቻ መንገድ ነው። መቅደላ የዛሬው የደቡብ ወሎ መሬት ናት፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ እስከዚያ ድረስ መጥቷል። በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ጣሊያንን ለመውጋት ክተት ሲያውጁ የሸዋ ሠራዊት በጥቅምት ወር እንዲሰበሰብ የተቀጠረው ወረኢሉ ላይ ነበር። ወረኢሉ ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። ያ ሠራዊት ወደ ሰሜን ተጉዞ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ድል አደረገ። ከ40 ዓመት በኋላ ጣሊያን ተመልሶ መጣ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ገባ፤ እስከ 1933 ዓ.ም.ም ቆየ።

ዘመቻ የሚለው ቃላችን አንድ ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። በጠመንጃ ይዘመታል፤ በጠመኔም ይዘመታል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲከፈት ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። መጀመሪያ በአምስት ቋንቋዎች ነበር፤ በኋላ 15 ደረሱ። በ1972 ዓ.ም. መጨረሻም በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አገኘ። እንደገናም ለምርጫ ይዘመታል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግ ንብን፣ ቅንጅት ሁለት ጣትን ምልክት አድርገው ሲቀሰቅሱ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለምን ምልክት አስፈለገ ቢባል፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው በዓይኑ ለይቶ እንዲመርጥ ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ዘመቻ የሚጥለው ነገር አለ። ጦር ቀለህና ገንዘብ ይጥላል። የፖለቲካ ዘመቻ ደግሞ ደረት ላይ የሚሰካ ምልክት፣ ሜዳሊያና አርማ ይተዋል። ወረቀቱንና ጨርቁን አፈር ይበላዋል፤ ብረቱ ይቀራል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ጆርጅ ዋሽንግተን በአውሮፓውያን 1789 ፕሬዚዳንት ሲሆን ደጋፊዎቹ ስሙ የተቀረጸበትን የናስ ቁልፍ በልብሳቸው ላይ ሰፍተው ነበር። አብርሃም ሊንከን በ1860 ሲወዳደር መልኩን የያዙ ትናንሽ ብረቶች ተሠርተዋል። በመርፌ የሚሰካው፣ ፊቱ በስስ ሽፋን የተሸፈነው ክብ ምልክት በብዛት የወጣው በ1896 ምርጫ ነው። ይህ ዓመት ደግሞ እኛ ዓድዋ ላይ የተዋጋንበት መሆኑን ልብ በሉ። ዛሬ የዚያ አገር ሰዎች ብረት ፈላጊ መሣሪያ ይዘው በየእርሻው ሲዞሩ እነዚህን ያገኛሉ። ከዚያም እንደ እኛው «ይኼ ምንድን ነው? የማን ነው? የመቼ ነው?» ይላሉ።

አሁን ወደ አነባበቡ እንግባ። አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ አትፈግፍጉ። ብረት ስናገኝ መጀመሪያ የሚመጣልን በአሸዋ ወይም በአመድ ማሸት ነው። እኛም ቆርቆሮውን በጥፍራችን ፍቀነው ነበር። በዚያ ፍቀት ቀለሙ ረገፈ፤ ከቀለሙ ጋር ሁለት ፊደል ሄደ። ፊደሉ ደግሞ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ስለዚህ አፈሩን በለስላሳ ጨርቅ ወይም በላባ ብቻ አራግፉ። የቀረውን በጎን ብርሃን እዩት። ፋኖሱን ከፊት ሳይሆን ከጎን ብታደርጉት የተጎዳ ጽሑፍ ጥላ ይጥልና ይታያል።

ሁለተኛ፣ የተገኘበትን ቦታ ጻፉ። በየትኛው ማሳ? ከመሬት ስንት ክንድ ወይም ስንት ጣት ጥልቀት ላይ? አጠገቡ ምን ነበረ? አመድ? ሸክላ? የቤት መሠረት ድንጋይ? ብረቱ ከቦታው ከተነሣ በኋላ ይህን የሚመልስ የለም። ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚጠቅም ኋላ ታያላችሁ።

ሦስተኛ፣ ምን ለመሆን እንደተሠራ ተመልከቱ። ዙሪያውን፣ ጀርባውንና ጫፉን እዩ። ገንዘብ በሁለቱም ፊት ጽሑፍ ወይም ሥዕል አለው፤ መርፌ አይኖረውም። ቀዳዳ ካለው ሰው አንገቱ ላይ ሊያስረው ኋላ የበሳው ሊሆን ይችላል። ሜዳሊያ ከላዩ ጥብጣብ የሚገባበት ማንጠልጠያ አለው። የልብስ ቁልፍ በጀርባው ክር የሚገባበት ቀለበት አለው። ደረት ላይ የሚሰካ ምልክት ደግሞ መርፌ አለው፤ መርፌው ቢወድቅ እንኳ የተበየደበት ነጥብ ይታያል። ጀርባውም ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚያየው ፊቱን ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ከምን እንደተሠራ ለዩ። ማግኔት አስጠጉት። ተራ ብረትና ቆርቆሮ ይሳባል፤ ብር፣ መዳብ፣ ናስና አሉሚኒየም አይሳብም። አረንጓዴ ዝገት ካለው መዳብ ወይም ናስ ነው፤ ቀይ ዝገት ካለው ብረት ነው። ይህ ብቻውን ዕድሜውን አይነግረንም፤ የማይሆነውን ግን ይለይልናል። ብር ነው ተብሎ የተሰጣችሁ ገንዘብ ማግኔት ላይ ከተለጠፈ ብር አይደለም።

አምስተኛ፣ ቁጥሩን አንብቡ፤ ግን ቁጥሩን አትመኑ። እኛ የወደቅነው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንናገር።

ያ ትልቅ ብር ማርያ ትሬዛ ነው፤ ሴቲቱም የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች። የሞተችው በአውሮፓውያን 1780 ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ ሲመታ በቀይ ባሕር አካባቢና በእኛ አገር ያለው ነጋዴ የለመደውን መልክ ብቻ ስለሚቀበል ዓመቱ ሳይለወጥ 1780 እንደሆነ ቀረ። እዚያው በቪየና ብዙ ዘመን ተመታ። ሙሶሊኒም አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1935 በአውሮፓውያን ማተሚያውን ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮማ ላይ አስመታው። እንግሊዞችም ለንደን ላይ መቱት። ሁሉም 1780 ይላል! ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከመቶው 83 እጅ ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። የድሮ ሰዎች ሲቀበሉት በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እየቆጠሩ ይመረምሩት ነበር። ከእኛ የበለጠ ያነብቡት ነበር ማለት ነው። ናፒየር ለመቅደላ ዘመቻ እህልና አጋሰስ የገዛው በዚህ ብር ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር እስኪወጣም ድረስ ገበያችን ውስጥ ይሠራ ነበር። ስለዚህ የአዛውንቱ ብር የናፒየር ዘመን ሊሆን ይችላል፤ የሙሶሊኒም ሊሆን ይችላል። «1780» የሚለው ቁጥር አይለየውም።

ሁለተኛውን እንይ። በአንድ ፊቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መልክ፣ በሌላው አንበሳ አለው። ቁጥሩ በግእዝ ፲፱፻፴፮ ነው፤ ይኸውም 1936 ነው። የሚገርመው ግን ይህ ሳንቲም እስከ ንጉሡ ዘመን መጨረሻ ድረስ ሲመታ ዓመቱ አልተለወጠም። በ1960ዎቹ የወጣውም 1936 ይላል። የደርግ ዘመን ሳንቲምም እንደዚሁ ነው። የአንበሳ ራስ ያለበት፣ ፲፱፻፷፱ የሚል፣ አንድ ሳንቲሙ በሬ የጠመደ ገበሬ፣ አሥር ሳንቲሙ የደጋ አጋዘን ያለበት ነው። እሱም ለብዙ ዓመታት በ1969 ቁጥር መመታቱን ቀጥሏል። እንግዲህ ቁጥሩ የሚነግረን «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንድ ልጅ በዚያው ሰሞን ንስርና የንጉሥ ራስ ያለበት ሳንቲም አመጣ፤ እሱም 1936 ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። አንድ ዓመት የተሠሩ መሰሉን። አይደለም! የልጁ ሳንቲም የጣሊያን ነው፤ 1936 በአውሮፓውያን ነው፤ ይኸውም በእኛ 1928 መሆኑ ነው። የኢትዮጵያው 1936 ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር ነው። አንደኛው ወራሪው በገባበት ዓመት የተሠራ፣ ሌላው ወራሪው ከወጣ በኋላ የተሠራ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ በመካከላቸው ስምንት ዓመትና አንድ ጦርነት አለ። እንዴት እንለያቸዋለን? በፊደሉና በቁጥሩ ዓይነት ነው፤ የእኛው በግእዝ ቁጥር፣ የእነሱ በፈረንጅ ቁጥር ነው። በጣሊያኑ ላይ ከዋናው ዓመት አጠገብ ትንሽ የሮማውያን ቁጥርም አለ፤ እሱ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ ጀምሮ የሚቆጠር የራሳቸው ዓመት ነው። በጠፍር የታሰረ የበትር እስር ከመጥረቢያ ጋር ካያችሁም የፋሺስቶች አርማ ነው። በገንዘብም፣ በልብስ ቁልፍም፣ በሜዳሊያም ላይ ያደርጉት ነበር።

ሦስተኛው ቀለሁ ነው። ቀለህ በመቀመጫው ላይ ፊደልና ቁጥር አለው፤ ፊደሉ የፋብሪካው፣ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዞች ናቸው። ነገር ግን በአንድ ዓመት የተሠራ ጥይት ከብዙ ዓመት በኋላ በሌላ ሰው ጠመንጃ ሊተኮስ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ንግግራችንን እናቁም። ቀለህ ባዶ ነው፤ ያልተተኮሰ ጥይት፣ ቦምብና የመድፍ ጥይት ባዶ አይደለም። በዚህ ዞን በየዘመኑ ጦርነት አልፏል፤ በ2014 ዓ.ም. እንኳ ደሴና ኮምቦልቻ የውጊያ ቦታ ነበሩ። ክንፍ ያለው፣ ቀለበት ያለው፣ እንደ ጠርሙስ የሾለ ወይም የተዘጋ ብረት ስታገኙ አታንሡት፤ አታንቀሳቅሱት፤ ድንጋይ አትወርውሩበት፤ እሳት አጠገብ አታድርጉት። የዛገ ፈንጂ የሞተ ፈንጂ አይደለም። በቦታው ላይ ከራቅ ብላችሁ በድንጋይ ምልክት አድርጉ፤ ልጆችንና ከብቶችን አርቁ፤ ለፖሊስ ንገሩ። ልጆቻችሁን ዛሬ ማታ ይህን ንገሯቸው። ከዚህ ንግግር ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ።

አንድ ወጣት ተማሪያችን «መሣሪያውን ብንገዛስ? ብረት ካለበት ይጮኻል ይላሉ» ብሎ ጠይቆናል። መሣሪያው ይጮኻል፤ እውነት ነው። በቀለበት የተጠቀለለ ሽቦ አለው፤ በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ከሥሩ ያለው ብረት መልስ ይሰጣል፤ መሣሪያውም ያንን መልስ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። በ1873 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመታ ስልክን የፈለሰፈው ቤል በእንዲህ ያለ መሣሪያ ጥይቱን በሰውነቱ ውስጥ ሊፈልግ ሞክሮ አልተሳካለትም። የተኛበት አልጋ የብረት ምንጭ ነበረበትና ድምፁን አዛባው ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኮንን የሠራው መሣሪያ በኤል አላሜይን በረሃ ፈንጂ ለመፈለግ አገልግሏል። እንግዲህ አስቡት፤ ያው መሣሪያ ለሳንቲምም ለፈንጂም ይጮኻል። ምን እንደሆነ አይነግርም። ሳያነቡ መቆፈርን ብቻ ያስተምራል።

ሕግም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል። በእርሻ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት። ላገኘውም ሰው ሽልማት እንደሚገባ ሕጉ ያስባል። ስለዚህ «ጥንታዊ ብር እገዛለሁ፤ ለማንም አትንገሩ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ አትንገሩ ማለቱ ብቻ ሊያስጠረጥረን ይገባል። እኛም ለአዛውንቱ «ደሴ ወርደው ይሽጡ» ከማለት ይልቅ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳዩ ማለት ነበረብን። ይህም ሌላው ጥፋታችን ነው።

አሁን ወደ አራተኛው፣ ወደ ናቅነው ቆርቆሮ እንመለስ።

ከበሬው ነገር በኋላ አፍረን እንደገና አነሣነው። በጎን ብርሃን ብናየው የኮከብ ቅርጽ አለው፤ በኮከቡ ዙሪያ ቀይ ቀለም ጥቂት ቀርቷል፤ ከሥሩ «10ኛ» የሚል ይነበባል። ይህን ጊዜ ቁጥሩን ብቻ ይዘን አልተነሣንም። «10ኛ የምን?» ብለን ጠየቅን። ደርግ ሥልጣን የያዘበት አሥረኛ ዓመት መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. በታላቅ ድግስ ተከብሮ ነበር፤ የሠራተኞች ፓርቲም፣ ኢሠፓ፣ በዚያው ሰሞን ተመሠረተ። ቀይ ኮከብና አሥረኛ ሲገጣጠሙ ወደዚያ ያመለክታሉ።

ከዚያ አዛውንቱን «አባባ፣ አጠገቡ ምን ነበረ?» አልናቸው። መጀመሪያ ልንጠይቃቸው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነበር። «ቀይ ዝገት ነበረ፤ እንደ ቅርፊት የሚፈርስ። የቤት መሠረት ድንጋይም ነበረ። ዝገቱን በትኜዋለሁ» አሉ።

በዚህ ጊዜ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሡ። «የቅቤ ቆርቆሮ ነው። ወንድሜ ነው የቀበረው» አሉ። ክፍሉ ዝም አለ። ወንድማቸው የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ምልክቱን ከበዓሉ ይዞት መጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፈርቶ ከመታወቂያ ወረቀቱ ጋር በቆርቆሮ ከትቶ ከቤታቸው ጓሮ ቀበረው። ቤቱ ፈረሰ፤ እሱም ሞተ፤ ቦታው ተረሳ። አዛውንቱ እርከን የሠሩት በዚያ ፍራሽ ላይ ነበር። ወረቀቱን አፈር በልቶታል፤ ቆርቆሮው ዝጎ ፈርሷል፤ ምልክቱ ቀርቷል። የዝገቱ ቅርፊት ባይነገር ኖሮ እኚህ እናት ከኋላ ተቀምጠው እንደሰሙ ይሄዱ ነበር።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም። አንድ ሌላ ተማሪ ተነሣና «ይጣል!» አለ። «1977 የድግስ ዓመት አይደለም፤ የረሀብ ዓመት ነው። ያ ጸሐፊ ነው የአባቴን ስም ለሰፈራ የጻፈው» አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ዓመት ወሎ ተርቦ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ በዓሉ ሲከበር እዚህ ሰው ይሞት ነበር። በኅዳር ወር በተጀመረው ሰፈራም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ሌላም ተወሰደ፤ ብዙው ሳይወድ ነው የሄደው። እናትየዋም «ጽፏል፤ አልክድም። ተጽፈው ለሄዱትም ዘመዶቻቸው ደብዳቤ ሲያስጽፉ የሚጽፍላቸው እሱ ነበር። ወንድሜ ነው፤ ምን ላድርገው?» አሉ።

እኛ ምን እንበል? ያን ጊዜ አልተወለድንም። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት ተቆጠብን። ግን አንድ ነገር ተናገርን፤ አሁንም እንደግመዋለን። አንድን ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ እሱን ማክበር ማለት አይደለም። የፋሺስቱን በትርና መጥረቢያ ለይተን ስናውቅ ፋሺስትን አላከበርንም። ቀይ ኮከቡን ለይተን ስናውቅም የሞቱትን አልረሳንም። ይልቁንም ምልክቱ ከተጣለ «ይህ ሆኗል» የምንልበት ነገር አንድ ይጎድላል። ይጣል ያለው ሰው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው የአባቴም ነገር ይጻፍበት» አለ።

እንደዚያው አደረግን። ከክፍሉ መዝገብ አንድ ገጽ ተሰጠው። በላዩ ምልክቱ የተገኘበት ማሳ፣ ጥልቀቱ፣ አጠገቡ የነበረው ዝገትና ድንጋይ ተጻፈ። ከዚያ ሥር እናትየዋ ስለ ወንድማቸው የሚያውቁትን በራሳቸው እጅ ጻፉ። ከእሱ ሥር ያ ሰው ስለ አባቱ ጻፈ። ሁለቱም ሲጀምሩ ስማቸውን እንኳ መጻፍ የማይችሉ ነበሩ። ፊደላቸው ይወላገዳል፤ አንዳንዱ ቃል ጎድሏል፤ እኛ ግን አላረምነውም። ምልክቱን አዛውንቱ ለእናትየዋ ሰጧቸው። ገጹ በክፍሉ መዝገብ ይኖራል፤ ማንበብ የሚፈልግ ያንብበው።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን! ለማጠቃለል ያህል እንዲህ እንላለን። ከመሬት ብረት ስታገኙ መጀመሪያ የሚፈነዳ መምሰሉን እዩ፤ ከመሰለ ራቁ፤ ንገሩ። ካልመሰለ አትፈግፍጉት፤ ያገኛችሁበትን ጻፉ፤ ጀርባውንና ጫፉን እዩ፤ በማግኔት ሞክሩት፤ ቁጥሩን አንብባችሁ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ከዚያም ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ብረት ያልያዘውን ሰው ይይዘዋልና።

አዛውንቱ ማርያ ትሬዛውን አልሸጡትም፤ ለወረዳው አሳይተው ቁጥሩን አስመዝግበው መልሰው ይዘውታል። አሁንም በአንድ በሬያቸው በመቀናጆ ያርሳሉ። ባለፈው ሳምንት ግን ከክፍል ሲወጡ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እናንተ ስትሄዱ ከማረሻዬ ሥር የወጣውን ማን ያነብልኛል?» እኛም «እርስዎ ነዎት እንጂ!» አልናቸው። ሳቁ። ከዚያ ከኪሳቸው ሌላ አሮጌ ሳንቲም አውጥተው በፋኖሱ ጎን ያዙትና «አሥራ ዘጠኝ መቶ ... ሠላሳ ... ስድስት» ብለው አነበቡ። ቀና ብለውም «ግን በማን አቆጣጠር?» አሉን።